ሲንጀርና ድሪቶ

ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመው ክዊልት የሚሠሩ አሜሪካውያን «ለመገጣጠም የምትመርጧት መኪና የትኛዋ ናት?» ተብለው ሲጠየቁ ደጋግመው የሚሰጡት አንድ መልስ አለ። ሲያትልም ሆነ ሌላ ከተማ፣ የስፌት መኪና መሸጫው ኮምፒውተር በተገጠመላቸውና በመቶ የሚቆጠር የስፌት ዓይነት በሚያወጡ መኪናዎች ተሞልቶ ሳለ፣ ስሟ የሚነሣው ማምረቷ ከቆመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሆናት አንዲት ትንሽ ጥቁር ሲንጀር ናት።

ቁጥሯ 221 ነው። ለሕዝብ የቀረበችው በ1933 በቺካጎው የዓለም ትርኢት ላይ ነበር (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አካሏ ከአሉሚንየም ስለተሠራ ክብደቷ 11 ፓውንድ፣ ማለትም 5 ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ «ፌዘርዌይት» የሚል ቅጽል ስም ያወጣላትም ይኸው ቅለቷ ነው። በጥቁር ሣጥኗ ውስጥ ሆና በአንድ እጅ ትንጠለጠላለች። የምትችለው አንድ ስፌት ነው፤ ቀጥ ያለውን።

አዲስ አበባ ውስጥ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የእግር ሲንጀር ሲረግጥ የኖረ ልብስ ሰፊ ይህን ቢሰማ አይገረምም። እሱም ዕድሜውን የበላው በአንድ ቀጥ ያለ ስፌት ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች በውቅያኖስ ተለያይተው በመኪናዋ ይስማማሉ። የሚለያዩት ከመርፌዋ ሥር በሚያልፈው ጨርቅ ነው። አንዱ አገር ቁርጥራጭ ገጣጥሞ የሠራውን በሙዚየም ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ ሌላው አገር «ድሪቶ» ብሎ ያፍርበታል። የሲያትል ኢትዮጵያውያን የሚኖሩት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ምርጫውን ለመረዳት መጀመሪያ ሥራውን ማየት ይበጃል። ክዊልት ሦስት ድርብ ነው፤ ከላይ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመው ፊት፣ ከመካከል ጥጥ ወይም ሱፍ፣ ከሥር ገበር። ስለዚህ ስፌቱም ሁለት ነው። አንደኛው ቁርጥራጩን እርስ በርሱ መግጠም ነው፤ ሁለተኛው ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ አድርጎ ከዳር እስከ ዳር መስፋት ነው። ለአንዱ የምትመረጥ መኪና ለሌላው ላትሆን ትችላለች።

ለመግጠም የሚፈለገው ትክክለኛነት ነው። ክዊልት ሠሪዎች ስፌቱ ከጨርቁ ጠርዝ የሚኖረውን ርቀት ሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ጥቂት ከፍ አድርገው ይወስናሉ። በአንድ መሥመር 20 ቁራጭ ቢገጠም 19 ስፌት አለ። እያንዳንዱ ስፌት በሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት መሥመሩ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያጥራል ወይም ይረዝማል፤ ቀጥሎ ከሚመጣው መሥመር ጋርም አይገናኝም። እዚህ ላይ የድሮዋ ሲንጀር ብልጫ ይታያል። ዚግዛግ የሚሰፋ መኪና መርፌው ግራና ቀኝ ስለሚወዛወዝ የመርፌው ማለፊያ ቀዳዳ ሰፊ መሆን አለበት፤ ሰፊ ቀዳዳ ደግሞ የትንሽ ቁራጭ ጫፍ ሲያገኝ ወደ ታች ይውጠዋል። ቀጥ ብላ ብቻ የምትሰፋዋ መኪና ቀዳዳዋ ጠባብና ክብ ስለሆነ ጨርቁን አጥብቃ ትይዘዋለች። ሌላ ነገር አለመቻሏ እዚህ ጥቅም ሆነ።

ለሁለተኛው ሥራ ግን ፌዘርዌይት አትመችም። በመርፌዋና በአንገቷ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ የአልጋ ልክ ያለው ድርብ ተጠቅልሎ አያልፍም፤ ጨርቁን ወደ ኋላ የሚጎትቱት ጥርሶቿም ዝቅ አይሉም። ስለዚህ ብዙዎች ለመደረቢያው ስፌት ሌላ መኪና ይይዛሉ። ከሚወደዱት አንዷ በደቂቃ እስከ 1,500 ጊዜ የምትወጋው የጃፓኗ ጁኪ ቲኤል 2010 ኪው ናት። የሚገርመው እሷም ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የምትሰፋ መሆኗ ነው።

ይህች ቀጥ ያለች ስፌት የራሷ ታሪክ አላት። ኤልያስ ሃው በ1846 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበባት መኪና ቀዳዳው ወደ ጫፉ የተጠጋ መርፌና ከጨርቁ ሁለት ወገን የሚመጡ ሁለት ክሮች ነበሯት፤ ክሮቹ ጨርቁ መካከል ላይ ይቆላለፋሉ። አይዛክ ሜሪት ሲንጀር በ1851 ያስመዘገባት ደግሞ መርፌዋ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሲሆን ጨርቁን የሚጫን እግርም ነበራት። ባለመብቶቹ እርስ በርስ ተካሰው ተካሰው በ1856 መብቶቻቸውን በአንድ ማኅበር አዋሃዱ። በዚያው ዓመት የሲንጀር ሸሪክ ኤድዋርድ ክላርክ መኪናዋን በየወሩ እየተከፈለ በሚያልቅ ዱቤ መሸጥ ጀመረ። ዓለምን ያዳረሳት ከብረቷ ይልቅ ይህ ዱቤ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አቅም የሌለው ቤተሰብ መኪናዋን ራሷ ሠርታ በምታስገባው ገንዘብ ገዛት።

ኩባንያው ከአሜሪካም አልፎ በ1880ዎቹ ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ ላይ ግዙፍ ፋብሪካ ከፈተ፤ ፋብሪካው እስከ 1980 ሠርቷል። ፌዘርዌይት ራሷ ከተሠራችባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። ማሽን የሰውን ጉልበት ያፈናቅላል ብለው አጥብቀው የተከራከሩት ጋንዲ እንኳ የስፌት መኪናን ከተቃውሟቸው ነፃ አውጥተዋታል። ምክንያታቸው መኪናዋ አንድን ሰው በቤቱ ከአድካሚ ሥራ የምታሳርፍ እንጂ ብዙ ሰው ለአንድ ጌታ የምታሳድር አይደለችም የሚል ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ መኪናዋ የመጣችው ጨርቅ እየተለወጠ በነበረበት ዘመን ነው። የቀድሞው ሸማ መቀስ እምብዛም አያውቀውም። ሸማኔው እጁ በሚደርስበት ስፋት ይሠራል፤ ጠርዝና ጠርዝ ይገጠማል፤ ሰው ይለብሰዋል። ኮት፣ ሱሪና እጀ ጠባብ ግን ልክ መውሰድን፣ መቁረጥንና ብዙ ስፌትን ይጠይቃሉ። በተመሳሳይ ጊዜ «አቡጀዲ» የሚባለው ያልነጣ የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ በባሕር በኩል ገብቶ ገበያውን ይዞ ነበር። የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል ከፊቱ ከነበሩት ጉዳዮች ዋነኛው ይኸው ጨርቅ ነበር። ከሁለቱ አገሮች ማንም ሰው ለመኖር ወደ ማዶ ከመሻገሩ በፊት የተሻገረው ጨርቅ ነው ማለት ይቻላል።

ቋንቋም ይህን ዘመን ይዞ ቀርቷል። «መኪና» የሚለው ቃል ከጣልያንኛው «ማኪና» የመጣ ሲሆን ዛሬ ብቻውን ሲጠራ የሚታሰበን ባለ አራት ጎማው ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ግን ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። መንገዱ በግራና በቀኝ የተደረደሩ ልብስ ሰፊዎች መኪና ከሚያሰማው ድምፅ ነው ስሙን ያገኘው። አዲስ አበባ ደግሞ የኩባንያውን ስም የዕቃው ስም አደረገችው። ከሻንጋይ የመጣችውም «ቢራቢሮ» ብትሆን፣ ከጃፓን የመጣችውም ብትሆን፣ በሕዝቡ አፍ «ሲንጀር» ናት። የቅርጿም ነገር ይህን አያስተባብልም፤ ጃፓንና ቻይና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዛት ያወጧቸው ጥቁር መኪናዎች የሲንጀርን አሮጌ ሞዴል የተከተሉ ናቸው።

የጽሕፈት መኪና እኅቷ መሆኗንም አማርኛ ሳያውቀው በትክክል ተናግሯል። ሬሚንግተን በ1874 ለገበያ ያወጣት የመጀመሪያዋ የጽሕፈት መኪና የተሠራችው በስፌት መኪና ክፍሉ ነበር። አበባ ተሥሎባት፣ በስፌት መኪና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ መሥመር የሚመልስ የእግር መርገጫ ተገጥሞላት ነበር የወጣችው።

በአገር ቤት መኪናዋ ላይ የተቀመጠው በአብዛኛው ወንድ ነው። በቆየው የሥራ ክፍፍል ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነበር፤ ልብስ ሰፊነትም ወደ ወንዱ አደላ። ሙያው እንጀራ ቢያበላም ክብር አላስገኘም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። ሴቶች ወደ መኪናዋ የቀረቡት ዘግየት ብለው፣ በከፊል በትምህርት ቤት በኩል ነው። በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለልጃገረዶች ከቀለም ጋር የእጅ ሥራ ያስተምር ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ ልብስ ሰፊዎች በየከተማው በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ።

የበረንዳው ልብስ ሰፊ ሀብት መኪናዋ ብቻ አይደለችም። ክር ሲበጠስ ጥፋቱ ከመርፌው ይሁን ከታችኛው ክር በጆሮው ያውቃል። ጠፍሩ ሲላላ ራሱ ያሳጥረዋል፤ ስትከብደው ዘይት ያጠጣታል፤ ጥርሶቿ መካከል የተጠራቀመውን ብናኝ ይጠርጋል። መብራት ቢጠፋ ሥራው አይቆምም። ፌዘርዌይትን የሚወዱ አሜሪካውያን የሚናገሩት ይህንኑ ነው። በትንሽ መፍቻ ትፈታለች፣ በዘይት ጠብታ ትድናለች፣ ውስጧ ተደብቆ የሚቀር ነገር የለም። ሁለቱም የሚወዷት ጠግነው ሊያቆዩዋት ስለሚችሉ ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል አለመሆኑን ለማየት ወደ ፋብሪካ መዞር ይበቃል። በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች የመጨረሻውን ዘመናዊ መኪና ይዘው ተቀምጠዋል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር። እዚያ አንዲት ሴት አንድ እጅጌ ወይም አንድ ኪስ ስትሰፋ ትውላለች። መኪናዋ ብትሰናከል የምትጠብቀው ቴክኒሺያን ነው፤ ብትለቅ ደግሞ ይዛው የምትወጣው መኪና የለም። ከሁለቱ መኪናዎች ፈጣኗ የፋብሪካዋ ናት፤ እንጀራ አውጪዋ ግን ማንኛዋ እንደሆነች ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ እንምጣ። አማርኛ ቁርጥራጭ የተገጣጠመበትን ልብስ «ድሪቶ» ይለዋል፤ ግሱ «ደረተ» ነው። ድሪቶ የድህነት ልብስ ነው። ሲያልቅ የሚጣፍ፣ ጣፉ ሲያልቅ በጣፉ ላይ የሚጣፍ፣ መጀመሪያ የቱ እንደነበረ የማይታወቅ። ቃሉ ወደ ጽሑፍ ሲሻገርም ንቀቱን ይዞ ተሻገረ። ከዚህም ከዚያም ቃርሞ የጻፈ ሰው «ደረተ» ይባላል። «ድርሰት» ግን ከሌላ ሥር፣ ከ«ደረሰ» የመጣ የክብር ቃል ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው የድምፅ ርቀት አንዲት ፊደል ስትሆን የክብሩ ርቀት ግን ሰማይና ምድር ነው።

ይሁንና የክዊልት ሌላኛው ግማሽ በኢትዮጵያ ከፍ ያለ ክብር አለው። ነጠላ፣ ኩታና ጋቢ የሚለያዩት በድርባቸው ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ ሰውን ያሞቃል። ጋቢ ለአባት ይሰጣል፣ ለሽማግሌ ይደረባል፣ ለሠርግ ይሸመናል። እንግዲህ ክዊልት በአማርኛ ዐይን ሲታይ ድሪቶና ጋቢ በአንድ የተሰፉበት ነገር ነው፤ ፊቱ ድሪቶ፣ ሙቀቱ ጋቢ። የኢትዮጵያ ባህል ሁለቱንም ሙያዎች ያውቃቸዋል። አንዱን አክብሮ ሌላውን ስላፈረበት ግን ሁለቱ አልተገናኙም።

አሜሪካ ውስጥም መገናኘቱ በአንድ ቀን አልመጣም፤ ክዊልቱም ሁልጊዜ አልተከበረም። በ1837 በባርነት ጆርጂያ ውስጥ የተወለደችው ሃሪየት ፓወርስ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በጨርቅ ቁራጭ ሥላ፣ በእጅና በመኪና ሰፍታ የሠራችውን ክዊልት በ1886 አቴንስ ከተማ በጥጥ ትርኢት ላይ አሳየች። አንዲት የሥዕል መምህርት ልትገዛት ብትጠይቃትም ያን ጊዜ እሺ አላለችም። ቤተሰቧ ሲቸገር ግን በ10 ዶላር ልትሸጠው ጠየቀች፤ የተከፈላት 5 ነው። ክዊልቱ ዛሬ በስሚትሶኒያን ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። አዳምና ሔዋን፣ የያዕቆብ ሕልም፣ የመጨረሻው እራት፣ ስቅለቱ፤ እያንዳንዱ በየክፍሉ ተቀምጧል። በ44 ክፍል ተከፋፍሎ የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርከውን የአዲስ አበባ የሸራ ሥዕል ያየ አንባቢ የአቀራረቡን ቅርበት ሳይመራ ያውቀዋል። አላባማ ውስጥ የጊስ ቤንድ መንደር ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ የሠሯቸው ክዊልቶችም እንዲሁ ናቸው። ለብርድ የተሰፉ ነበሩ፤ በ2002 ኒውዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ሲሰቀሉ ግን የሥነ ጥበብ ሰዎች ከዘመናዊ ሥዕል ጋር አወዳደሯቸው። ጨርቁ ያው ነበር፤ የተለወጠው የሚያየው ሰው ነው።

ሲያትል በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። ፊልሰን የተባለው የልብስ ኩባንያ በ1897 እዚያ የተመሠረተው ወደ ክሎንዳይክ ወርቅ ፍለጋ ለሚጎርፈው ሰው ወፍራም ልብስ ለመስፋት ነበር። ኤዲ ባወር ደግሞ በክረምት ዓሣ ማጥመድ ላይ በብርድ ሊሞት ከደረሰ በኋላ ላባ የተሞላ ጃኬት ሠራ፤ ንድፉንም በ1940 አስመዘገበ። የጃኬቱ ምሥጢር ስፌት ነው። ላባው ወደ አንድ ቦታ ወርዶ እንዳይከማች ላይኛውና ታችኛው ጨርቅ በአልማዝ ቅርጽ ይሰፋል። ይህ ከክዊልት በቀር ሌላ አይደለም። ከተማዋ ለብርድና ለዝናብ የሚሆን ልብስ ስትሰፋ ኖራለች፤ በየፋብሪካዎቿ መኪና ላይ ከተቀመጡት ብዙዎቹም ከእስያ የመጡ ስደተኛ ሴቶች ነበሩ።

ኢትዮጵያውያን በብዛት የመጡት ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በተለይም አሜሪካ በ1980 የስደተኞችን ሕግ ካወጣች ወዲህ ነው። የሲያትል ኢትዮጵያውያን ማኅበር በ1983 ተቋቋመ፤ ሬኒየር ጎዳናና ቼሪ መንገድ ቀስ በቀስ የአማርኛ ጽሑፍ ታዩባቸው። ከመጡት መካከል ሲንጀር ረግጦ ልጆች ያሳደገ አባት፣ በቀበሌ የተማረችውን ስፌት የያዘች እናት አይጠፉም። መኪናዋን ግን ማንም በሻንጣ አላመጣትም። የመጣው እጃቸው ውስጥ ያለው ዕውቀት ነው፤ እሱ ደግሞ ወረቀት የለውም። የሥራ ማመልከቻ «የምስክር ወረቀት» ይላል እንጂ «ክር ሲበጠስ በድምፁ ታውቂያለሽ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። በዚህ ምክንያት መርፌ የለመደ ስንት እጅ ታክሲ ሲነዳና ሆቴል ሲያጸዳ ኖረ።

ይህን ዕውቀት ዋጋ ለመስጠት የሞከሩ የሉም ማለት አይደለም። በ2017 ሲያትል ውስጥ የተመሠረተው «ሬፊዩጂ አርቲዛን ኢንሼቲቭ» ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ስደተኛ ሴቶችን ስፌት እያሠለጠነ፣ ከተረፈና ከተጣለ ጨርቅ የሚሸጥ ዕቃ ያሠራል። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሲጠፋ ሴቶቹ መሸፈኛ ሰፉ። በአንድ ሰሞን ከተማው ሁሉ የፈለገው ያንኑ ቀጥ ያለ ስፌት ነበር። ትርፍራፊ ጨርቅ ገጥሞ ዋጋ ያለው ነገር ማውጣት ደግሞ በአማርኛ መደረት ነው፤ ስሙ ስለማያምር ብቻ ሙያነቱ አልቀረም።

እንግዲህ ሲያትል ውስጥ ለልጅ ልጇ ክዊልት ልትሰፋ መኪና የምትፈልግ እናት ብትኖር፣ የሁለቱም ወገን ባለሙያዎች ምክር አንድ ነው። ለመግጠም ቀጥ ብላ የምትሰፋ፣ ቀዳዳዋ የጠበበ፣ ሆዷን ከፍታ ራሷ የምታጸዳት መኪና ትበቃታለች፤ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የተገኘች ሲንጀርም ሆነች ቢራቢሮ። ለመደረቢያው ስፌት አንገቷ ሰፋ ያለ ትፈልግ፤ ካልሆነም እጇ አለ። ሩብ ኢንቿን ትጠብቅ፤ ከእያንዳንዱ ስፌት በኋላ ካውያ ታሳርፍበት። የልጆቿ አሮጌ ዩኒፎርም፣ የባሏ ሸሚዝ፣ ያለቀ የነጠላ ጥለት፣ ሁሉም ይገባሉ። መካከሉ ላይ የምትከተው ጥጥ ከሌላት፣ ያረጀ ጋቢ ከማንኛውም ጥጥ ይሻላል። ሲያልቅ ምን ብላ እንደምትጠራው የራሷ ጉዳይ ነው። «ድሪቶ ነው» ብላ ብትሰጠውና ልጁ ቃሉን በስድብነቱ ሳይሆን በሙቀቱ ቢማረው ግን፣ አንድ የአማርኛ ቃል ከረጅም ውርደት ወጣ ማለት ነው።